የቅዳሜያችን ጥቁር ቢራ

…እና ፊደሏን አርሜ ነው የተነሳሁት፣ የማተሚያ ቤታችን ማሽኒስት በሩ ላይ ቆሞ ቆቡን በሁለት እጁ እየጨመቀ እህቴ እስቲ ነይ፣ ውጪ ሰው ይፈልግሻል ሲለኝ፣ ከፊቴ የሠርግ ጥሪ ወረቀት ነበር፣ የሙሽራው አባት ስም ላይ አንዲት ፊደል ተገድፋ፣ ቀይ እስክሪብቶዬ አየር ላይ፣ ድምፁን ስሰማ አውቄዋለሁ፣ ሰው በእንዲህ ያለ ድምፅ ለደግ አይጠራም፣ ግን እጄ ወረደና ፊደሏን ቦታዋ አስገባ፣ ከዳር ምልክቷን አደረገ፣ ከዚያ ተነሳሁ። ሙሽሮቹ ምን አጠፉ።

ውጪ የቆመው ችካል ነበር፣ ከባሌ ጋር አንድ ሱቅ ውስጥ እንጨት ሲልግ የኖረው ችካል፣ ቁመቱ እንደ ቅጽል ስሙ፣ ሽርጡን ሳይፈታ፣ ቅንድቡ ላይ ሰጋቱራ፣ እመቤት አለኝ፣ እኔን እመቤት ባሌን አለቃ ነው የሚለን፣ እመቤት፣ አለቃ፣ አለቃ… ቡፌውን አስቀምጦ ነው፣ አልጣለውም፣ አስቀምጦ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ለሁለት ተሸክመው፣ ከግድግዳው ጋር አስጠግተው፣ ባለቤቲቱን በደስታ ይጠቀሙበት ብለው፣ ሲወርዱ ደረጃው ላይ ትንሽ ልረፍ ብሎ ቁጭ አለ፣ በቃ። ልቡ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ማሽኑ ይጮሃል፣ ችካል ደጋግሞ የሚለኝ ያንኑ ነው፣ ጭረት የለውም ቡፌው፣ እመቤት ሙቺ አንድ ጭረት የለውም። እኔም ጎሽ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል። ጎሽ።

ዛሬ ግን ቅዳሜ ነው፣ ዝናቡ መጥቶ ሄዷል፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛውን ለሁለት ከፍላዋለች፣ ግሮሰሪ ውስጥ ነኝ፣ በጠራራ ቀን፣ ጥቁር ለብሼ ጥቁር ቢራ እየጠበቅሁ፣ ባሌ ቢያየኝ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ብቻዬን አይደለሁም፣ እትዬ አሉ፣ የባሌ ታላቅ እህት፣ እኔን ዛሬም ሙሽራዬ የሚሉኝ፣ ፀጉሬ ሸብቶ ሙሽራዬ፣ የመጠጥ ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ፣ ሻርፓቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው በሩን በሩን ያያሉ። የሚያውቀኝ ሰው ቢገባስ? እትዬ፣ የሚያውቅዎ ሰው እዚህ ከገባ እሱም የሚደብቀው አለው ማለት ነው። ይህቺ ምላስሽ፣ ወንድሜን አስራ ያስቀረችው ይህቺ ምላስሽ ናት አሉ፣ ሻርፓቸውም ወደ ላይ ተመለሰች፣ ትንሽ፣ ጆሯቸው እስኪወጣ።

ምላሴ። እውነታቸውን ነው፣ ጉዳዩ የምላሴ ጉዳይ ነው። የምፈልገው የአንድ ቢራ ጣዕም ነው፣ ጥቁር፣ ብቅል ብቅል የሚል፣ መጨረሻው ላይ፣ ከዋጡት በኋላ፣ ጣፈጥ የሚል፣ ብዙ አይደለም፣ አንድ ሰው ከጎንሽ ተነስቶ ሲሄድ ወንበሩ ላይ እንደሚቀረው ሙቀት ያህል ብቻ። ስሙን አላውቀውም። መልኩን ፎቶ ያዘልኝ፣ የባሌን ማለቴ ነው፣ ልብሱን ግን እትዬ በደግነታቸው አጥበው ተኩሰው አጣጥፈው አስቀመጡት፣ ሽታው ከሳሙናው ጋር ሄደ፣ ምን ልበላቸው፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኩ፣ ድምፁም እየራቀ ነው፣ ጎረቤት ቤት እንደተከፈተ ሬዲዮ፣ እንደሚያወራ ትሰሚያለሽ ምን እንዳለ አትለዪም። ምላሴ ላይ ያለው ብቻ ነው የቀረኝ፣ እሱም እየለቀቀኝ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የበላሁት ሁሉ ወረቀት ወረቀት ይለኛል፣ ወረቀት ደግሞ አውቃለሁ፣ ስንት ዘመን በአፌ ይዤ ስቆርጥ። ባለፈው ግን፣ ሥራ ቦታ፣ ደረቅ ዳቦ እያኘክሁ የቀን መቁጠሪያ ሳርም፣ ጠቆር ያለችው የዳቦዋ ጠርዝ ምላሴ ጥግ ላይ ብልጭ አደረገችብኝ፣ እሱ ነው፣ ቅዳሜ ነው፣ አልኩና አኘክሁ፣ አኘክሁ፣ የለም፣ ሄደ። ሙሉውን ዳቦ ጠርዝ ጠርዙን ጨረስኩት፣ ማሽኒስቱ አይቶ እህቴ መሀሉን ለማን ነው አለኝ፣ ለአይጦቹ አልኩት።

ያን ቀን ነው የወሰንኩት። እና ደግሞ ጊዜ የለኝም፣ ሱቁ፣ የእነሱ ሱቅ፣ የሚሠሩበት፣ ዛሬ ይለቀቃል፣ የሕንፃው ባለቤት አስር ሰዓት ላይ መጥቶ ቁልፉን ይረከባል፣ ችካል ዕቃውን አውጥቶ ጨርሷል። ቁልፉ ከመሄዱ በፊት እዚያ፣ እሱ ሲቆምበት በነበረው ወለል ላይ፣ ያንን ቢራ አንድ ጊዜ መጠጣት ነው የምፈልገው፣ አንድ ጊዜ፣ ትክክለኛውን። ዛሬ ካላገኘሁት፣ አላገኘሁት። ምላስ ፎቶ አያነሳም።

ያኔ ባሌ ቅዳሜ ቀትር ላይ ሥራ ይለቃል፣ ይመጣል፣ የመሣሪያ ሻንጣውን በሩ ሥር ያስቀምጣል፣ ከውስጡ በሽርጡ የተጠቀለለ ጠርሙስ ያወጣል፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ፣ አንድ ጠርሙስ፣ ሁለት ብርጭቆ። ለምን ሁለት ጠርሙስ አታመጣም ብዬው አውቃለሁ፣ ሁለት ከሆነማ አንቺ ያንቺን እኔ የእኔን እንጠጣለን፣ ታዲያ ምኑን አብረን ጠጣነው አለኝ። አናጢ ነው እንግዲህ፣ ነገር መገጣጠም ይወዳል። ብርጭቆውን አጋድሞ ይቀዳል፣ አረፋው ላንቺ ፍሬው ለእኔ፣ በየቅዳሜው ያንኑ ቀልድ፣ በየቅዳሜው እስቃለሁ፣ ቀልዱ አርጅቶ ሳቄ አላረጀም፣ ሲቀዳ ግን እኩል ነው፣ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ ይለካል፣ እንጨት እንደሚለካ፣ ፀጉር ታህል አያዛንፍም። የወሬው ዓይነት ደግሞ! የማን ወንበር ተሰበረ፣ የትኛዋ ደንበኛ አልጋው ይንቋቋል ብላ መጣች፣ ባሏ ጎን ቆሞ እንዴት ጆሮው ቀላ፣ ምን አላችኋት፣ ምን እንበላት፣ ብሎኑን አጥብቀን አልጋው ደህና ነው እርስዎ ቀስ ይበሉ አላት ችካል፣ አይልም፣ አለ እኮ ነው የምልሽ።

ምን ያስቅሻል ብቻሽን አሉ እትዬ። ምንም። ሰው እያየን ነው። ይዩን።

ጠርሙሱ ራቁቱን ነበር የሚመጣው። ወረቀት አልነበረበትም። እኔ፣ ማንበብ እንጀራዬ የሆነ፣ የሳሙና መጠቅለያ ሳላነብ የማልጥል፣ የመድኃኒት ወረቀት ከነማስጠንቀቂያው የምጨርስ፣ የዕድሜዬን ግማሽ አብሬው የጠጣሁትን ቢራ ስም አንብቤ አላውቅም። ወረቀቱስ ብዬው ነበር መጀመሪያ ሰሞን። ተላጠ አለ፣ በቃ፣ እኔም ለቫርኒሽ እንዲመቸው አስቀድሞ እየላጠው ነው ብዬ ነገሩን ዘጋሁት፣ ባዶዎቹን ጠርሙሶች ቫርኒሽ ይሞላባቸው ነበርና፣ ጠቆር ያለ ጠርሙስ ብርሃን አያስገባም፣ ቫርኒሽም ብርሃን አይወድም፣ ሱቁ መደርደሪያ ላይ እንደ ወታደር ያሰልፋቸዋል፣ ሰው እንዳይሳሳት አንገታቸው ላይ ክር ያስርባቸዋል፣ ክር ያለው ለወንበር፣ ክር የሌለው ለሰው። እትዬ አንድ ቀን ሱቁ ሄደው ውሃ ጥም ይዟቸው፣ ክሩን ጌጥ መስሏቸው…

እሷን ነገር አታንሺ አሉ። ጮክ ብዬ አስቤያለሁ መሰለኝ። አላነሳሁም እትዬ። አንስተሻል፣ ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ አፌ ሲያብለጨልጭ ከርሜ የሠፈሩ ሴት ሁሉ ምን ተቀብተው ነው እያለ አላስወጣ አላስገባ ብሎኝ፣ ወንድሜ ምን አለ በዪኝ፣ ምን አለ፣ እህቴ እንዳይነቅዝሽ ነው አለኝ! እዚህ ላይ ሁለታችንም ሳቅን፣ እሳቸው ሻርፓቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው፣ እኔ ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ፣ ስንጨርስ ዓይናችን ርሷል፣ በየትኛው እንደራሰ አልተጠያየቅንም።

ችካል ከዚያ በኋላ ሥራ ወደ ሌላ ከተማ ወስዶታል፣ አሁን የመጣው ሱቁን ሊያስረክብ ነው፣ ያኔ ግን ስልክ ደውዬ ጠይቄዋለሁ፣ ጀመርኩት ካልኩ ከእሱ ነው የጀመርኩት፣ የትኛው ቢራ ነበር? ቀይ ቆርኪ ያለው ነዋ እመቤት አለኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። ቀይ ቆርኪ ያለውን ጠጣሁ፣ ከሁሉ በፊት፣ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ያለችው ግሮሰሪ ገብቼ፣ ምንም። ብረት ብረት ይላል። በረዶ የሆነ ጥቁር ውሃ፣ ግራ ጥርሴን በወስፌ እንደወጉት አድርጎኝ፣ ጉንጬን ይዤ ወጣሁ። ችካል ቢራ በአፉ አዙሮ አያውቅም፣ እሱ ስለ ቢራ የሚያውቀውን ያህል እኔም ስለ መርከብ አውቃለሁ፣ ተሳስቷል፣ አልኩ። ሌላ ግሮሰሪ ሌላ ጥቁር ቢራ ቀመስኩ፣ ከሰል አሽተው ያጠቡበት፣ መራራ፣ ፊቴ ተጨማዶ ቀረ። ሌላው ደግሞ ሽሮፕ፣ የሳል መድኃኒት፣ ማንኪያ አምጡልኝ ልል ምንም አልቀረኝ። እዚያ ነው ባለ ግሮሰሪው ግራ ገብቶት እናቴ ቆይ ምን ዓይነት ነው የሚፈልጉት ያለኝ፣ እኔም ነገርኩት፣ ጠቆር ያለ የዳቦ ጠርዝ፣ ትንሽ የተቆላ ገብስ፣ ከኋላ ማር የነካ ማንኪያ፣ የነካ ብቻ፣ ማሩ አይደለም፣ ደግሞም ለስላሳ፣ የማይቸኩል። ጎኑ የተቀመጠው ፀጉር አስተካካይ መቀሱን ኪሱ ውስጥ እንደሰካ ሰምቶኝ ሰምቶኝ፣ እናቴ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ የሚፈልጉት ቢራ አይደለም፣ ኬክ ነው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም። አይ፣ ባል ነው ልለው ነበር፣ ተውኩት፣ የሰው ቅዳሜ ማበላሸት ምን ይባላል።

ይኸው እናት፣ በረዶ የመሰለ! አለች የዛሬዋ ግሮሰሪ አስተናጋጅ፣ ጠርሙሱ ላብ ላብ ብሎታል፣ ቆርኪው ሰማያዊ ነው፣ በመክፈቻ ነቅላ ቀዳችው፣ ቀጥ አድርጋ፣ ግማሹ አረፋ፣ ባሌ ቢያይ ይነጥቃት ነበር። እትዬ ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ጥርሴን በምላሴ ሸፍኜ ጎነጨሁ፣ በቀኝ በኩል፣ ጠበቅሁ። ቅዝቃዜ። ከቅዝቃዜው ኋላ እንደገና ቅዝቃዜ። ከዚያ ኋላ መራራ ነገር በሩቁ እጁን አውለብልቦ አለፈ። እህስ? እትዬ ናቸው። አይደለም። እስቲ ልየው፣ አሉና ብርጭቆውን በሁለት እጅ ተቀብለው ቀመሱ፣ ደግመው ቀመሱ፣ ምን አለው ይሄ፣ ደግ ነው እኮ። እትዬ፣ ደግ ነው ወይ ብዬ አልጠየቅሁም፣ እሱ ነው ወይ ነው ያልኩት። እሱንማ የት አውቄ፣ እኔን መቼ አስቀምሶኝ ያውቃል፣ ሁሉን ላንቺ ነው ሲያመላልስ የኖረው፣ ስንት ዓመት እጁን ይዤ ያሳደግሁት ልጅ አንዲት ቅዳሜ እህቴ እንኪ ብሎኝ አያውቅም! አኩርፈው አሉት፣ እያኮረፉም ጨረሱት፣ ነውር ነው ምግብ አይጣልም ብለው።

ሰዓቱ ሄዷል። ተነሳን፣ እትዬ ጉንጫቸው ቀላ ብሎ ክንዴን ይዘዋል፣ እኔ እሳቸውን እደግፍ እሳቸው እኔን፣ አልለይም፣ የእግረኛ መንገዱ ፀሐይ ነው፣ የጫማ ጠጋኙ መዶሻ ኳ ኳ ይላል፣ ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ ትተረትራለች፣ ሰው ሁሉ ሥራው ላይ ነው፣ እኔ ባዶ እጄን ነኝ። ምን እለዋለሁ ችካልን፣ አላገኘሁትም፣ ቁልፉን ስጥ። በቃ። ለምላስ ለቅሶ አይቀመጡለትም፣ ሰውዬው እንደሆነ አንዴ ተለቅሶለታል፣ አሁን ደግሞ ጣዕሙ ሞተብኝ ብል ማን ያስተዛዝነኛል። ሙሽራዬ አሉ እትዬ ድንገት፣ ልብሱን ማጠቤ አስቀየመሽ አይደል። ቆምኩ። ኧረ እትዬ። አስቀይሞሻል፣ ያን ቀን እግዜር ይስጥልኝ ስትዪ አፍንጫሽን አይቼዋለሁ፣ እኔ ደግሞ እጄ ሥራ ሲያጣ ነው፣ ምን ላድርግ፣ ታናሼ ነው፣ ድሮም የማጥብለት እኔ ነበርኩ። መንገድ መሀል እንዲህ ያለ ነገር ይወራል? አቀፍኳቸው፣ አንድ ባለ ጋሪ ሴቶች መንገድ ልቀቁ አለን፣ ለቀቅን።

ሱቁ ገባን። መቼም ባዶ ክፍል ሰው ያሳንሳል። መጋዞቹ የተሰቀሉበት ግድግዳ ላይ ቅርጻቸው ነጥቶ ቀርቷል፣ የትልቁ መጋዝ ጥላ፣ የትንሹ፣ የመዶሻው፣ መላጊያዎቹ የሉም፣ መደርደሪያው ተነቅሏል፣ የቀረው ማንም ያላነሳው የሥራ ጠረጴዛ፣ ሁለት የተገለበጡ ሳጥኖች፣ ጥግ ላይ ክምር ሰጋቱራ፣ ችካል መጥረጊያ ይዞ፣ ምድጃው ላይ ድስት። እመቤት እንዴት ዋልሽ፣ እትዬ እርስዎም! ምነው ፊትዎ በራ? ዝም በል አንተ ረዥም። አገኘሽ እመቤት? አላገኘሁም። እንዴት አታገኚም፣ ይኸው አይደለም እንዴ አለኝና ከሳጥኑ ጀርባ አወጣው፣ ጠርሙስ፣ ወረቀቱ ከነክብሩ የተለጠፈበት፣ ቀይ ቆርኪ። ችካልዬ፣ እሱን ጠጥቼዋለሁ፣ ከሁሉ በፊት ነው የጠጣሁት፣ አይደለም፣ ተሳስተሃል። ኧረ እኔ አልሳሳትም፣ ስንት ጊዜ አብሬው ገዝቻለሁ። አይደለም እኮ ነው የምልህ። ነው። አይደለም። ነው። እትዬ በመሀላችን እንደ ዳኛ ሳጥን ላይ ተቀመጡ።

እሱ ግን አልሰማኝም፣ ወደ ምድጃው ሄደ፣ ድስቱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፣ ጠርሙሱን አንገቱን ይዞ ውሃው ውስጥ ሊያቆመው ነው። አንተ! ምን እያደረግህ ነው? ቢራውን ልቀቅለው ነዋ።

ምን?

አልቀቅለውም እንኳ፣ ለብ ላድርገው፣ አለቃ እንደሚያደርገው አለ፣ መጥረጊያውን ተደግፎ፣ ረጋ ብሎ፣ የኮላው ድስት አይደል ይሄ፣ የእንጨት ማጣበቂያው፣ ኮላ በቀጥታ እሳት ላይ ካስቀመጡት ያራል፣ ስለዚህ በጣሳ አድርገን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነው የምናቀልጠው፣ ቅዳሜ ሥራ ስናቆም ውሃው ገና ትኩስ ነው፣ ጣሳዋን ያወጣና ጠርሙሱን እዚያ ያቆመዋል፣ ልብሱን እስኪቀይር፣ ከዚያ ሙቀቱ እንዳይሄድ በሽርጡ ይጠቀልለዋል። ስንስቅበት ኖረናል እኮ! ሰው ቢራውን በረዶ ውስጥ ያስቀምጣል አለቃ ምድጃ ላይ ይጥዳል፣ ቢራ ቀቃዩ ነበር ስሙ በዚህ መንገድ ላይ፣ ጫማ ጠጋኙን ጠይቂ፣ አታውቂም እንዴ? አላውቅም። ወረቀቱስ ወዴት የሚሄድ ይመስልሽ ነበር፣ ውሃው ነዋ የሚልጠው። ለምን? አልኩ፣ ለምን ያሞቀዋል? ችካል አየኝ፣ እንደ ሞኝ ነው ያየኝ፣ በፍቅር ግን። ላንቺ ጥርስ ነዋ እመቤት።

ጥርሴ።

የመጀመሪያው ቅዳሜያችን፣ ገና እቃ ያልገባበት ቤት፣ ሁለት ብርጭቆ መስኮቱ ላይ፣ ከሱቅ በረዶ የሆነ ቢራ ይዞ መጥቶ ጎንጨት ስል ጮህኩ፣ ጉንጬን ይዤ ቤቱን ዞርኩት፣ እሱ የገደለኝ መስሎት ፊቱ አመድ ሆነ፣ ከዚያ ሳቅን፣ ከዚያ ረሳሁት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቢራው ቀዝቃዛ አልነበረም። ፍሪጅ ስለሌለን ነው ብዬ አሰብኩ፣ ምስኪን አልኩ በሆዴ፣ አዘንኩለት እንኳ። ፍሪጅ ከገዛን በኋላስ? ፍሪጅ ከገዛን በኋላም ከሻንጣው ነበር የሚያወጣው፣ ፍሪጁ እዚያው ቆሞ እያየ፣ እኔም ፍሪጁም አልጠየቅነውም። ሰው ስንት ዘመን ለብ ያለ ቢራ እየጠጣ ለምን ለብ አለ አይልም? አይልም፣ ከተመቸው። ጥርሴ እንደሚያመኝ እንኳ ረስቼው ነበር፣ እሱ አልረሳም፣ እኔ የረሳሁት እሱ ስላልረሳ ነው። ተናግሮስ ቢሆን፣ ላንቺ ብዬ እኮ ነው ቢለኝ፣ አመሰግነው ነበር፣ አንድ ቀን አመስግኜው ያልቅ ነበር። ሞኝ ነው? ብልጥ ነው። ኧረ ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ጓደኞቹ ቢራ ቀቃይ እያሉ ሲስቁበት አብሮ እየሳቀ፣ ልብስ እየቀየረ፣ ድስቱን በጣቱ እየነካ።

ድስቱን እናያለን ሦስታችንም። ምንም አይፈላም፣ አረፋ የለም፣ ጠርሙሱ አንገቱን አውጥቶ እንደሚታጠብ ሰው ቆሟል። መጀመሪያ ወረቀቱ አንድ ጥግ ተነሳ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ከጠርሙሱ ለቀቀና ውሃው ላይ ተንሳፈፈ፣ እጄን ሰድጄ አወጣሁት፣ ለብ ያለ ነው ውሃው፣ እንደ ሕፃን መታጠቢያ፣ ወረቀቱን መዳፌ ላይ ዘርግቼ አነበብኩ፣ እንግዲህ ሳነብ ነው፣ ስሙን አነበብኩ፣ ገብስ ይላል ብቅል ይላል ውሃ ይላል፣ ከሥር በደማቁ፣ በአራት ነጥብ የተዘጋ፣ በደንብ ቀዝቅዞ ይጠጣ። ይሄ ስህተት ነው አልኩ። በሥራ ድምፄ ነው ያልኩት፣ ማሽኒስቱ ሲሰማው ማሽኑን የሚያቆምበት። ምኑ? አሉ እትዬ። የተጻፈው እትዬ፣ ስህተት ነው፣ እንዲህ ሆኖ መውጣት አልነበረበትም፣ ስል ሳቄ መጣ፣ ችካልም ሳቀ፣ የሳቀው ግን ሰጋቱራ ዓይኑ እንደገባበት ሰው ዓይኑን እያሸ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ፣ ይሽ።

ብርጭቆ የለም፣ ተጠቅልሎ ሄዷል፣ ችካል ሁለት የሻይ ስኒ ከጫማ ጠጋኙ ተውሶ መጣ፣ አንደኛዋ ጆሮ የላትም። ቆርኪው ሲነቀል ጩኸቱ እንኳ ለስላሳ ነው፣ ተንፈስ። እኔ ቀዳሁ፣ አጋድሜ፣ ቀስ ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ በአንድ ዓይኔ ለካሁ፣ አንዷን ለእትዬ፣ አንዷን ለእኔ። ለእኔም? አሉ፣ ድምፃቸው ልጅ ሆነ። ለእርስዎም። ችካል አፍንጫውን ስኒዬ ላይ አስጠግቶ አሸተተና እኔን ይበቃኛል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይላል አለ።

ጎነጨሁ። ጥርሴን አልሸፈንኩም። መጀመሪያ ለስላሳነቱ መጣ፣ ምንም የማይወጋ፣ አፌ ውስጥ ቦታ ለምኖ እንደሚገባ፣ ከዚያ የተቆላው ገብስ፣ ከዚያ የዳቦው ጠርዝ፣ ዋጥኩ፣ ጠበቅሁ፣ አሁን ካልመጣ የለም፣ አሁን ካልመጣ፣ መጣ። ከኋላ፣ ቀስ ብላ፣ ጣፈጥ። ያችው። እሱ ነው ልበል? እሱ አይደለም፣ እሱማ የለም፣ አውቃለሁ፣ ችካል ነግሮኛል በዓይኔም አይቻለሁ፣ ግን እሱ ያዘጋጀው ነው፣ ልክ እሱ ያዘጋጀው፣ ምላሴ አልከዳኝም፣ የጠጣሁት ሁሉ ነው ገና ያልተዘጋጀ የነበረው። እትዬ ስኒያቸውን ይዘው ጣሪያውን ያያሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ጸሎት መስሎኝ ጎንበስ ስል፣ አንተ ስስታም፣ ይሄን ነበር የከለከልከኝ፣ ይላሉ፣ እንባቸው እየወረደ፣ አንተ ስስታም፣ ወንድምዬ፣ ግን ደግ አድርገህ ነው የቀቀልከው።

የሕንፃው ባለቤት መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ይግቡ አልነው። ሰው ለምን እንደሚስቅና እንደሚያለቅስ ያልገባው ሰው እንደሚገባ ገባ፣ በጎን በኩል። ችካል ቁልፉን ሰጠው። እኔ ስኒዬን ይዤ ቀርቻለሁ፣ ገና ግማሽ አለኝ፣ አልቸኩልም፣ በነገራችን ላይ ርቦኛል፣ የሆነ ነገር እፈልጋለሁ፣ ጨው ያለው፣ ትኩስ፣ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ እትዬ እርቦኛል አልኩ፣ እሰይ የኔ ሙሽራ አሉ፣ እሰይ፣ ስኒያቸውን እየጨረሱ።

ይህን የጻፍኩት እንዳልረሳ ነው፣ ነገ ምላሴ ቢከዳኝ ወረቀቱ እንዳይከዳኝ። እናንተ ደግሞ እዚህ ድረስ ያነበባችሁ፣ የማታውቁትን ሰው ቅዳሜ ከእኔ ጋር የቀመሳችሁ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ለወደደው ሰው ሳይናገር የሚያደርግ ሰው ነበር፣ እናንተም ሳትነግሩኝ፣ በየቤታችሁ፣ በየምትጸልዩበት ሰዓት፣ ለነፍሱ አንዲት ቃል አድርጉለት፣ ሙቀት ያለበት ቦታ ያሳርፈው በሉልኝ፣ ማን እንደጸለየለት አላውቅም፣ ግን አንድ ቀን ሳላስበው ሲቀለኝ፣ ይገባኛል።